የአፕዴት ሰርቨሩን ማንም ሳያውቅ መቀየር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ለምን አሁን

ደብሊውሰስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት አፕዴት ማከፋፈያ የምናስኬደው ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ላይ ነው። የዚህ ስሪት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ያበቃል። እሱ ብቻ ቢሆን ገና ጊዜ አለን ብዬ እተወው ነበር። ያስቸኮለኝ ሌላ ነው። በኦክቶበር 2025 ደብሊውሰስ ላይ ከባድ ቀዳዳ ወጣ። በቀዳዳዎች መዝገብ ላይ ያለው ቁጥሩ ሲቪኢ 2025-59287 ነው። ያለ ምንም ይለፍ ቃል ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ኮድ ማስኬድ ያስችላል። ማይክሮሶፍትም ከወርሃዊ ፕሮግራሙ ውጭ ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። እኛም ቶሎ ጠገንነው። ግን ሰርቨሩን ስነካካው ምን ያህል እንደደከመ ገባኝ። ዲስኩ ሊሞላ ነው። ኮንሶሉ (ማስተዳደሪያ መስኮቱ) እስኪከፈት ዕድሜ ይፈጃል። ማጽጃውን ስታስነሳው መሀል ላይ ያቋርጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ደብሊውሰስ ራሱ እኮ እየሞተ ነው፣ ምን አዲስ ያስተክልሃል?" አለኝ። ነጥብ አለው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2024 ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልጨምርበትም ብሏል። ግን ድጋፉን አላቋረጠም፣ ሰርቨር 2025 ውስጥም አለ። ወደ ክላውድ መሄዳችን አይቀርም፤ እስክንሄድ ግን ጥቂት መቶ ኮምፒውተሮች ያለ አፕዴት አይቀመጡም።

አዲሱ ማሽን ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው ምንም እንዳይሰማው እፈልጋለሁ። ድንገተኛ ሪስታርት የለም፣ ኔትወርክ የሚያንቀረፍፍ ዳውንሎድ የለም።

የሚያሰጋው ዝምታው ነው

ፋይል ሰርቨር ቢወድቅ ወዲያው ስልክ ይጮሃል። የአፕዴት ሰርቨር ቢወድቅ ማንም አይደውልም። ክላይንቱ፣ ማለትም አፕዴት የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ሲያጣ ሥራውን አያቆምም። ፍተሻው ይከሽፋል፣ ሎጉ ላይ ይመዘገባል፣ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ተጠቃሚው ምንም አያይም። እንዲህ እያለ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ "ቅሬታ አልመጣም" ማለት ተሳካ ማለት አይደለም። ማስረጃው ከሎግ መምጣት አለበት።

ሰኞ፦ ክላይንቱ ማንን ነው የሚያውቀው?

የአንዱን ኮምፒውተር ሪጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቋት) ከፍቼ አየሁ። በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ከማዕከል ለኮምፒውተሮቹ በሚላክ ቅንብር፣ የተሰጡ ሁለት አድራሻዎች አሉ። አንዱ አፕዴት የሚጠየቅበት፣ ሌላው ሪፖርት የሚላክበት ነው። ሁለቱም ላይ ያለው የአሮጌው ማሽን የራሱ ስም ነው፣ ከነፖርቱ 8530። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚያውቁት አገልግሎቱን ሳይሆን ማሽኑን ነው።

ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው አዲሱን በአሮጌው ስምና አይፒ መተካት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም አይቻልም፣ ቢበላሽ መመለሻው ረጅም ነው። ሁለተኛው በቅየራው ዕለት ግሩፕ ፖሊሲው ላይ አድራሻውን መለወጥ ነው። ይሠራል። ግን ፖሊሲ የሚታደሰው በየ90 ደቂቃው፣ እስከ 30 ደቂቃ የዘፈቀደ ጭማሪ ታክሎበት ነው። ያ ደግሞ ዶሜኑን (ኮምፒውተሮቻችን ከማዕከል የሚተዳደሩበትን የውስጥ ሥርዓት) ለሚያገኝ ኮምፒውተር ነው። መስክ የወጣ ላፕቶፕ እስኪመለስ በአሮጌው አድራሻ ይቆያል። መልሼ ላጥፈው ብልም ሌላ ዙር መጠበቅ ነው።

የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፦ በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ በሚተረጉመው አገልግሎት) ላይ ሲኔም፣ ማለትም ተለዋጭ ስም መፍጠር። ቤት ስትቀይር ስልክ ቁጥርህን ይዘህ እንደመሄድ ነው፤ የሚደውልልህ ሰው የት እንደምታድር ማወቅ የለበትም። ተለዋጩን ስም ግን ወዲያው ወደ አዲሱ አላዞርኩትም። መጀመሪያ ወደ አሮጌው ራሱ አዞርኩት። ከዚያ ፖሊሲው ላይ ያሉትን ሁለቱንም አድራሻዎች በተለዋጩ ስም ተካሁ። ሁለቱንም ነው ያልኩት፤ የሪፖርቱን ብትረሳው ኮምፒውተሩ ከአንዱ እየጠየቀ ለሌላው ያወራል።

በዚህ ደረጃ ኮምፒውተሮቹ ያሉት እዚያው አሮጌው ጋ ነው። የተለወጠው የሚጠሩበት ስም ብቻ ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ ጥፋቱ የስሙ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ፣ አዲሱ ሰርቨር ገና ጨዋታ ውስጥ አልገባምና። ፕሮክሲ (መሸጋገሪያ ሰርቨር) የሚጠቀሙት ላይ አዲሱ ስም በማለፊያ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱንም አየሁ።

በነገራችን ላይ ፋይል ማጋሪያ ቢሆን ተለዋጭ ስም የኬርቤሮስ፣ ማለትም የዊንዶውስ ማንነት ማረጋገጫ፣ ጣጣ ሊያመጣ ይችል ነበር። የደብሊውሰስ ክላይንት ግን ሰርቨሩን ሲያናግር እንዲህ ያለ ማንነት ማረጋገጫ አይጠየቅም። ስለዚህ በሰላም አለፈ።

የዲኤንኤስ መዝገቡን የቆይታ ጊዜ (ኮምፒውተሮች መልሱን ይዘው የሚቆዩበትን) ከተለመደው 1 ሰዓት ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ይሄ ከቅየራው ቀደም ብሎ መደረግ አለበት። በዕለቱ ብትለውጠው አሮጌውን ጊዜ ይዘው የተቀመጡት አይሰሙህም።

ማክሰኞ፦ የቡድን ጣጣ

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ክፍል ነው። እኛ ጋ ኮምፒውተሮች በቡድን የተከፈሉ ናቸው፦ መሞከሪያ፣ ቢሮ፣ ሰርቨሮች። አፕዴት የሚጸድቀው በቡድን ነው። ምደባው ግን ኮንሶሉ ላይ በእጅ የተሠራ ነበር። ያ መረጃ ያለው አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነው።

አዲሱን የአሮጌው ሬፕሊካ (እሱን እየተከተለ የሚቀዳ ሰርቨር) አድርገህ ብታስነሳው የጸደቁትን አፕዴቶችና የቡድን ስሞችን ይወርሳል። የትኛው ኮምፒውተር የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበረ ግን አይወርስም። ስለዚህ ሁሉም አዲሱ ጋ ሲደርሱ "ያልተመደቡ" የሚለው ውስጥ ይወድቃሉ። የሚያገኙት ለሁሉም ኮምፒውተሮች የጸደቀውን ብቻ ይሆናል። ቢሮው አፕዴት ያጣል። ሰርቨሮቹ ደግሞ ለነሱ ያልታሰበውን ሊቀበሉ ይችላሉ።

መፍትሔው ምደባውን ወደ ክላይንቱ ማዞር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የቡድኑን ስም ከግሩፕ ፖሊሲ ይዞ ይመጣል፣ ሰርቨሩም ስሙን አይቶ ያስገባዋል። ይሄንንም መጀመሪያ አሮጌው ላይ ሠራሁት። የነበረውን አባልነት ወደ ሠንጠረዥ አወጣሁ፣ ፖሊሲዎቹን አሰራጨሁ፣ ኮንሶሉ ላይ ምርጫውን ወደ ፖሊሲ ቀየርኩ፣ ከዚያ አዲሱን አባልነት ከሠንጠረዡ ጋር አመሳከርኩ። ጥቂት ማሽኖች "ያልተመደቡ" ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ምክንያቱ አንዲት ፊደል ናት። ፖሊሲው ላይ ያለው ስም ከኮንሶሉ ስም ጋር አልገጠመም። ደብሊውሰስ ያላወቀውን ስም ራሱ አይፈጥረውም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እዚያው እያለሁ ቀነ ገደብ የተቀመጠባቸውን አፕዴቶች ፈለግሁ። ድንገተኛ ሪስታርት የሚመጣው ከዚህ ነውና። ቀነ ገደቡ ያለፈ አፕዴት ያለበት ቡድን ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ተጠቃሚው ምንም ይሥራ ምን ይጫናል፤ ሪስታርት ካስፈለገም ያደርጋል። ማን እንዳስቀመጣቸው የማይታወቅ አሮጌ ቀነ ገደቦች ነበሩ። አነሳኋቸው።

ረቡዕ፦ ቆሻሻውን እዚሁ መተው

ሬፕሊካ ያለውን ሁሉ ይቀዳል፣ ቆሻሻውንም ጨምሮ። የተተኩ አፕዴቶች፣ የማንጠቀምባቸው ምርቶች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመርጠው የቀሩ ድራይቨሮች። የዳታቤዙን ሆድ የሚነፉት ድራይቨሮች ናቸው። እኔ በደብሊውሰስ ድራይቨር ማከፋፈልን አልወደውም።

ማጽጃው መሀል ላይ የሚያቋርጠው ዳታቤዙ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ስለሚጎድለው ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክራቸው ሁለት ተጨማሪ ኢንዴክሶች አሉ። አንዱ የተተኩ አፕዴቶች ሠንጠረዥ ላይ፣ ሌላው የየቋንቋው ጽሑፍ ሠንጠረዥ ላይ ይገባል። ሁለቱን ጨመርኩ፣ የነበሩትን ኢንዴክሶች አደስኩ፣ ማጽጃውን ደግሜ አስነሳሁት። ያ ሁሉ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ያለ ችግር አለቀ። ባክአፕ መውሰዴን መናገር አያስፈልግም፣ ግን ወስጃለሁ።

ሐሙስ፦ አዲሱ ሰርቨር

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አፕዴት ተደረገ፤ የኦክቶበሩን ቀዳዳ የሚደፍነውም አብሮ ገባ። ፖርቶቹ 8530 እና 8531 ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ተከፈቱ። ከዚያ የደብሊውሰስን ሮል ጭኜ አሮጌውን እንደ ላይኛ ሰርቨር አሳየሁትና በሬፕሊካ አስጀመርኩት። ሜታዳታውን (ስለ አፕዴቶቹ የሚገልጸውን መረጃ) በፋይል አውጥቶ የማስገባት መንገድም አለ። ግን እሱ የጸደቁትን ይዞ ስለማይሻገር ተውኩት።

አፕዴት ፋይሎቹን ሲቀዳ እስኪጨርስ ወደ አይአይኤስ፣ ደብሊውሰስ ወደሚሠራበት የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር፣ ዞርኩ። ብዙ ቅየራ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ክላይንት አዲስ ሰርቨር ሲያገኝ የሚያደርገው ፍተሻ እንደ ዘወትሩ አጭር አይደለም፣ ሁሉንም ከዜሮ ይጠይቃል። መቶ ኮምፒውተር እንዲህ ሲያደርግ የደብሊውሰስ አፕሊኬሽን ፑል (አይአይኤስ ውስጥ ደብሊውሰስን የሚያስኬደው ክፍል) የማስታወሻ (የሜሞሪ) ገደቡን ይመታል። ገደቡ ሲጫን ወደ 1.8 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፑሉ ይወድቃል፣ ክላይንቶቹ 503 (አገልግሎቱ አሁን የለም የሚል) ስህተት ያገኛሉ፣ ደግመው ይሞክራሉ፣ ፑሉ ደግሞ ይወድቃል። መውጫ የለውም። ስለዚህ የማስታወሻ ገደቡን 0፣ ማለትም ያለ ገደብ አደረግሁት። የወረፋውን ርዝመት ከ1000 ወደ 2000 ከፍ አደረግሁ። ሥራ ሲፈታ የሚዘጋበትንና በየጊዜው ራሱን የሚያድስበትን ሰዓትም 0 አደረግሁ። ያለ ገደብ ስትል ማሽኑ ራሱ በቂ ራም ሊኖረው ይገባል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ራም ጨምሬበታለሁ።

ሌላው አይአይኤስ የሚያውቃቸው የፋይል ዓይነቶች ናቸው። የዊንዶውስ 11 አፕዴቶች በዊም እና በኤምኤስዩ ፋይል ይመጣሉ። አይአይኤስ እነዚህን ካላወቃቸው ኮንሶሉ ላይ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፣ ክላይንቱ ግን ፋይሉን ማውረድ አይችልም። የአይአይኤስ ቅንብር በሬፕሊካ አይሻገርም። ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን በዓይኔ አረጋገጥኩ።

ዓርብ፦ ጥቂቶቹ ይቅደሙ

ከአይቲ ክፍል ማሽኖች ጥቂቱን በተለየ ፖሊሲ ቀጥታ ወደ አዲሱ ሰርቨር ላክኋቸው። ከክላይንቱ ብራውዘር ላይ የአዲሱን ሰርቨር የክላይንት ዌብ ሰርቪስ ገጽ ከፈትኩ፣ መጣ። ፍተሻ አስነሳሁ፣ ሠራ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ የአፕዴት ሎጉ በቀጥታ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ በፓወርሼል ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ ማስለወጥ ይጠይቃል።

ሎጉ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክላይንቱ ከአሮጌው ሰርቨር የያዘውን ኩኪ (የሚታወቅበትን መረጃ) ይዞ አዲሱ ጋ ይሄዳል። አዲሱ "ይሄን አላውቀውም" ይለዋል። ክላይንቱ ኩኪውን ይጥላል፣ አዲስ ይቀበላል፣ እንደገና ይመዘገባል። ሎጉ ላይ ስህተት ይመስላል፤ ቀይ ነገር ያየ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ግን ፕሮቶኮሉ ለዚሁ ሁኔታ ያዘጋጀው መልስ ነው። ማንም እጁን ሳያስገባ በራሱ ይስተካከላል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ኮምፒውተሮች ልኬ ኮንሶሉ ላይ የማየው አንድ ነው። ትንሽ ቆይቼ ሳድሰው የዚያው መስመር ስም ተለውጧል። ይሄ የታወቀ በሽታ ነው። ሁለቱ ከአንድ ኢሜጅ (የተዘጋጀ የዊንዶውስ ቅጂ) የተቀዱ ናቸውና አንድ ዓይነት የደብሊውሰስ መለያ ቁጥር ይዘዋል። ሰርቨሩ እንደ አንድ ማሽን ነው የሚያያቸው። አሮጌው ላይም እንዲህ ነበሩ ማለት ነው፣ ማንም ልብ ሳይለው። የአፕዴት ሰርቪሱን አቁሞ መለያውን ከሪጅስትሪ መሰረዝና መልሶ ማስነሳት ይበቃል፣ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ ኢሜጅ የተወለዱት ሁሉ ላይ በስክሪፕት አስኬድኩት።

ቀጣዩ ሰኞ ማታ፦ ስሙን ማዞር

ቀኑን በምክንያት ነው የመረጥኩት። ዓርብ አይነካም። ማይክሮሶፍት አፕዴት የሚያወጣበት የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያለበት ሳምንትም አይነካም። ከቀናት በፊት ጀምሮ ምንም አዲስ አፕዴት አላጸደቅንም። ስለዚህ የሚሻገር ኮምፒውተር የሚጭነው አዲስ ነገር አያገኝም።

ሥራው ራሱ አንድ መስመር ነው። ተለዋጩን ስም ከአሮጌው አንስቶ ወደ አዲሱ ማዞር። ያ ሁሉ ሳምንት የለፋነው ይሄ ደቂቃ አሰልቺ እንዲሆን ነው፣ አሰልቺም ሆነ። አዲሱ አሁንም ሬፕሊካ ነው። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሁለቱም ላይ የጸደቀው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ካልጣመኝ ስሙን መልሼ ማዞር እችላለሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት አዲሱ ኮንሶል ላይ ኮምፒውተሮች ይንጠባጠባሉ። ክላይንት በነባሪው በየ22 ሰዓቱ ነው የሚፈትሸው፣ ከዚያ ላይም እስከ 20 በመቶ በዘፈቀደ ይቀነሳል። በመሆኑም በአንድ ጊዜ አይጎርፉም። ይሄ ባሕርይ ለኛ ጥሩ ነው። ላፋጥነው ብዬ ሁሉንም ባስነሳቸው ፑሉን ራሴ መምታቴ ነበር። ዝም ብዬ ተመለከትኩ። የፑሉ የሜሞሪ ፍጆታ ወጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ወረደ። 503 የለም።

ከሰዓት በኋላ ከሂሳብ ክፍል ተደወለ። "ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬ ሪስታርት አድርጊኝ ይለኛል። አንተ ነህ እንዴ የነካካኸው?"

"እስቲ እህቴ፣ ምንም ሳትነኪ ቆይኝ፣ ልየው።"

የአፕዴት ታሪኩን ስከፍት የተጫነው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ከአሮጌው ሰርቨር። ሪስታርቱን ስታስተላልፍ ስታስተላልፍ ነው እዚህ የደረሰችው። ቢሆንም ጥሪው ጠቅሞኛል። በዚያ ሳምንት የሚመጣ ሪስታርት ሁሉ በእኛ ሊሳበብ እንደሚችል ስለገባኝ፣ የድጋፍ ክፍሉ ከመመለሱ በፊት የተጫነበትን ቀን እንዲያይ ነገርኳቸው።

አለቃችን ደግሞ የአዲሱን ኮንሶል ሪፖርት አይቶ "ምነው ግማሹ ሪፖርት አላደረገም ይላል?" አለ። ታሪኩ አይሻገርም፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እስኪመጣ ባዶ ነው። የአሮጌውን የመጨረሻ ሪፖርት ቀድሜ አስቀምጬ ስለነበር እሱን ሰጠሁት።

ሳምንቱ ሲገባደድ፦ አሁንም አሮጌው ጋ የሚሄደው ማነው?

አሮጌውን አላጠፋሁትም። ኮንሶሉን ግን አላምነውም። እዚያ ያለው ስም ኮምፒውተሩ ከሄደ በኋላም ይቀመጣል፤ ማጽጃው የሚያነሳው ለ30 ቀን ድምፁ የጠፋውን ነው። ሬፕሊካም ስለ ኮምፒውተሮቹ የሰበሰበውን ወደ ላይኛው ይልካል። እውነቱ ያለው አይአይኤስ ሎግ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከነአይፒው ተጽፏል። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) መሆኑን ልብ በሉ፣ አለዚያ የሌሊቱን የቀን እያላችሁ ትደናገራላችሁ።

አይፒዎቹን ለይቼ አወጣሁ። የቀሩት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ፖሊሲው ሲለወጥ ዶሜን ያላገኙ ላፕቶፖች ናቸው፤ ሲመለሱ ይስተካከላሉ። ሁለተኞቹ ዶሜን ውስጥ የሌሉና አድራሻው ሪጅስትሪያቸው ላይ በእጅ የተጻፈባቸው ማሳያ ስክሪኖች ናቸው። እነሱን ሄጄ ቀየርኩ፣ በእርግጥ በተለዋጩ ስም።

ሦስተኛው አስገረመኝ። አንድ አይፒ የሚጠይቀው የክላይንቱን ዌብ ሰርቪስ አይደለም፣ ሰርቨር ከሰርቨር ጋር ሲናበብ የሚጠቀምበትን ነው። የአዲሱ ሰርቨር አይፒ ነው እንዳልል፣ የእሱ አይደለም። ተከታትዬ ስደርስበት ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ ያለ፣ ሰነድ ላይ ያልተመዘገበ ትንሽ ደብሊውሰስ ነው። ከአሮጌው ሰርቨር ስር ሆኖ ለቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች ያከፋፍላል። አሮጌውን በቅየራው ማግስት አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ያ ቅርንጫፍ በሙሉ አፕዴት ያጣ ነበር፣ ማንም ሳይደውል። ላይኛ ሰርቨሩን ወደ ተለዋጩ ስም አዞርኩለትና ሲንክ አስደረግሁት፣ ማለትም ከላይኛው ጋር እንዲናበብ አደረግሁ።

ገመዱን መቁረጥ

ሎጉ ላይ የቀሩት የአዲሱ ሰርቨር ሲንክና የጥቂት ላፕቶፖች ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ አዲሱን ከሬፕሊካነት አውጥቼ በቀጥታ ከማይክሮሶፍት እንዲወስድ አደረግሁት። አውቶማቲክ የማጽደቂያ ደንቦቹን ከአሮጌው ፎቶ አንስቼ ይዣቸው ስለነበር እንደገና ጻፍኳቸው፣ ግን አላበራኋቸውም። የምርቶችና የምድቦች ምርጫውንም አንድ በአንድ አየሁ። የመጀመሪያው ሲንክ ካታሎጉን ሁሉ ስለሚያልፍ ረጅም ነው። እሱ አልቆ ያልተጠበቀ ነገር አለመጽደቁን ካየሁ በኋላ ደንቦቹን አበራኋቸው።

አሮጌው ላይ መጀመሪያ ያቆምኩት የደብሊውሰስ ሰርቪሱን ብቻ ነው። አይአይኤሱን ሆን ብዬ ተውኩት። መልስ ባይሰጥም ማን እንዳንኳኳ ይመዘግባልና። የዘገየ ላፕቶፕ አልፎ አልፎ ይታያል፣ ፖሊሲውን ሲያገኝ ደግሞ ይጠፋል። ወርሃዊው አፕዴት ወጥቶ አንድ ዙር በአዲሱ በኩል እስኪሰራጭ ማሽኑ እንዲህ ይቆያል። ከዚያ ይጠፋል፣ ዲስኩ ለጊዜው ይቀመጣል፣ የዶሜን አካውንቱ የሚሰረዘው በመጨረሻ ነው።

የዲኤንኤሱን 5 ደቂቃ ወደ 1 ሰዓት መልሼዋለሁ። የቀረኝ ከ8530 ወደ 8531፣ ማለትም ወደ ኤችቲቲፒኤስ መሻገር ነው። ባልተመሰጠረ መስመር የሚሄድ ሜታዳታ መሀል ላይ ሊነካካ ስለሚችል መቅረት የለበትም። ከቅየራው ጋር አንድ ላይ ያላደረግሁት አንድ ነገር ሲሰናከል ስሙ ይሁን፣ ሰርቨሩ ይሁን፣ ሰርተፍኬቱ ይሁን መለየት ስለሚያስቸግር ነው። የሰርተፍኬቱ ጥያቄ ተልኳል፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ተለዋጩ ስም ነው፣ የማሽኑም ስም አብሮ አለ።